ሂዬ ወይስ ኮያሳን? በመጸው ለአንድ ቀን ወደ ተራራ ላይ ገዳም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኅዳር 6 ቀን አካባቢ ከእናቴ ጋር ጃፓን፣ ኪዮቶ እንሆናለን። ተራራ ላይ ያለ የቡድሃ ገዳም ለማየት ያለን ጊዜ አንድ ዓርብ ብቻ ነው። ሂዬ ይሻላል ወይስ ኮያሳን? እናቴ ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷን ያማታል። ዓርብ ስለሆነም ትጾማለች። ቀዩን ቅጠልስ እንደርስበታለን?»

ከኪዮቶ ተነሥቶ በዚያው ቀን ለሚመለስ ሰው ሂዬ ይሻላል። ኮያሳን ድንቅ ቦታ ነው፤ ግን ከኪዮቶ መጀመሪያ ኦሳካ፣ ከኦሳካ ናምባ በባቡር እስከ ተራራው ግርጌ፣ ከዚያ በገመድ በሚጎተት ባቡር፣ ላይ ከደረሱ በኋላ ደግሞ በአውቶቡስ ነው። መሄጃው ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። የኮያሳን ዋናው ነገር ኦኩኖይን የሚባለው በትልልቅ ጥድ መሰል ዛፎች መካከል 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የመቃብር መንገድ ነው፤ ያ መንገድ በሩጫ አይታይም። እዚያ ወደ 50 የሚጠጉ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ፤ ለኮያሳን አንድ ሌሊት ካላገኙ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ሂዬ 848 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በኪዮቶና በሺጋ ግዛቶች ድንበር ላይ የቆመ ተራራ ነው። ገዳሙ ኤንርያኩጂ ይባላል። ሳይቾ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ788 የመሠረተው የቴንዳይ ሥርዓት ዋና መቀመጫ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ወሮቹን በእኛ እጽፋለሁ)። በኋላ በጃፓን ትልልቅ የቡድሃ ሥርዓቶችን የመሠረቱት ሆኔን፣ ሺንራን፣ ኤይሳይ፣ ዶገንና ኒቺረን ሁሉም ትምህርታቸውን የቀሰሙት እዚህ ተራራ ላይ ነው። በ1571 የጦር አለቃው ኦዳ ኖቡናጋ ተራራውን አቃጠለው፤ አሁን የሚታየው አብዛኛው ሕንጻ ከዚያ በኋላ የተሠራ ወይም ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «የ1,200 ዓመት ሕንጻ» ብሎ የሚሄድ ሰው የሚያየው የ1600ዎቹን ሥራ ነው። ከጥንት የዘለቀው ወደ ታች የማነሣው የመብራት እሳትና የመነኮሳቱ ሥርዓት ነው።

አብዛኛውን ጎብኚ የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። ኤንርያኩጂ በአንድ አጥር ውስጥ ያለ ግቢ አይደለም። ቶዶ (ምሥራቁ)፣ ሳይቶ (ምዕራቡ) እና ዮካዋ (ሰሜኑ) የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከቶዶ እስከ ሳይቶ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሳይቶ እስከ ዮካዋ ደግሞ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው ሁሉ ቶዶ ላይ ይወርድና እዚያው ሲዞር ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ዮካዋን ሲያስብ የተራራው አውቶቡስ አያደርሰውም፤ ቢያደርሰውም በሩ ሊዘጋ ነው። ቀኑ የሚቃናው ሩቁን ቀድመው ሲጨርሱት ነው። በእናትዎ ጉልበት ምክንያት ደግሞ ሦስቱን ክፍሎች በአንድ ቀን ለማዳረስ አይሞክሩ፤ ቶዶንና ዮካዋን ይያዙ፣ ሳይቶን ይተዉት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቅጠሉ። ሜፕል የሚባለው ዛፍ መቅላት የሚጀምረው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ተራራው ከከተማው ይቀድማል፤ ቀለሙም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በሂዬ አናት አካባቢ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት 20 ገደማ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ከተራራው ግርጌ ባለችው ሳካሞቶ ከተማና በራሷ በኪዮቶ ደግሞ ከኅዳር 8 በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ይደምቃል። ኅዳር 6 ላይ እንግዲህ በሁለቱ መካከል ትሆናላችሁ፤ ላይ ግማሹ ረግፎ መሬቱን ሸፍኖት፣ ታች ደግሞ ገና መቅላት ሲጀምር። ይህ መጥፎ ቀን አይደለም፤ የወደቀው ቅጠል በድንጋይና በአረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ላይ ተነጥፎ ሲታይ ከዛፉ ያላነሰ ያምራል። ግን ተራራው ሁሉ እንደ እሳት ይነድዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ሂዬ በብዛት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ በሆነው በሱጊ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ቀዩ የሚገኘው በሕንጻዎቹ ዙሪያና በመንገዱ ዳር በየቦታው ተሰብስቦ ነው። ከሦስቱ ክፍሎች ለቅጠል የሚመረጠው ዮካዋ ነው።

አሁን መንገዱ። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር እጽፈዋለሁ፤ ጣቢያ ላይ ያለው ሰሌዳ በ24 ሰዓት ስለሆነ 9:00 የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 16:00 የሚለው ከቀኑ 10 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ። በዚህ የሰዓት ልዩነት ተዘናግቶ የመጨረሻው ጉዞ ያመለጠው ሰው ለታክሲ ብዙ ይከፍላል፤ ስለዚህ ከሰሌዳው ላይ የቀዱትን ሰዓት ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት።

ወደ ተራራው የሚወጡት በሁለት በኩል ነው። በኪዮቶ በኩል ከዴማቺያናጊ ጣቢያ በኤይዛን ባቡር ያሴ ድረስ 14 ደቂቃ፣ ከዚያ በገመድ ባቡር፣ ከዚያ በአየር ላይ በተንጠለጠለው ኬብል ካር፣ ከዚያ ደግሞ በአውቶቡስ ይኬዳል። ይህ የገመድ ባቡር ሽቅብ የሚወጣው 561 ሜትር ነው፤ በጃፓን ካሉት የገመድ ባቡሮች ሁሉ ትልቁ ሽቅብ ነው። ደስ ይላል፤ ግን አራት ጊዜ መሳፈር ማለት ነው፤ በዚህ ወቅት ያሴ አካባቢ ያለው ሌላ ቤተ መቅደስ ብዙ ሕዝብ ስለሚስብ ሰልፉ ይረዝማል። ከሺጋ በኩል፣ ማለትም በሳካሞቶ፣ መሳፈሪያው ያነሰ ነው። ለእናንተ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ከኪዮቶ ጣቢያ የሚሳፈሩት በጄአር (የጃፓን ባቡር ኩባንያ) ኮሴይ መስመር ነው፤ የሚወርዱት ሂዬዛን ሳካሞቶ በሚባለው ጣቢያ ነው፤ ጉዞው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። እዚህ ጋ የሚሳሳት ብዙ ነው። የቢዋኮ መስመር ባቡርም ከዚያው ከኪዮቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነሣል፤ ያማሺና ከተባለው ጣቢያ በኋላ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። በስሕተት ቢዋኮ ላይ ከወጡ ኦትሱ ትደርሳላችሁ። ያኔ አትደንግጡ፤ በኬይሃን ኩባንያ ትንሽ ባቡር ወደ ሳካሞቶ ሂዬዛንጉቺ መሄድ ይቻላል፤ ይህ ጣቢያ እንዲያውም ለገመድ ባቡሩ የበለጠ ቅርብ ነው። የኬይሃኑን መስመር በሌላም ምክንያት አትርሱት፦ የኮሴይ መስመር በሐይቁ ዳር ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ ይቆማል። ጠዋት ከሆቴል ሳትወጡ የባቡሩን ሁኔታ ተመልከቱ።

ከጄአር ጣቢያው እስከ ገመድ ባቡሩ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ መንገዱ በቀስታ ሽቅብ ይወጣል። እናትዎ ጉልበታቸውን ለተራራው ያስቀምጡት፤ አውቶቡስ አለ፣ ካልተገጣጠመ ታክሲ ይያዙ፣ ርቀቱ አጭር ስለሆነ ብዙ አያስከፍልም። የሳካሞቶ ገመድ ባቡር 2,025 ሜትር ይረዝማል፤ በጃፓን ረጅሙ ነው፤ 11 ደቂቃ ይፈጃል፤ በመደበኛው በየግማሽ ሰዓቱ ይነሣል። ሥራ የጀመረው በ1927 ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ጣቢያ ሕንጻዎችም የዚያው ዘመን ናቸው። ላይ ሲደርሱ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ቁልቁል የቢዋን ሐይቅ ተመልከቱ፤ ጠዋት ከጭጋግ የጸዳ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ላታገኙት ትችላላችሁ። ከጣቢያው እስከ ቶዶ መግቢያ በእግር 10 ደቂቃ ነው።

ኪዮቶን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ከለቀቃችሁ የ2 ሰዓት ከግማሹን ወይም የ3 ሰዓቱን ገመድ ባቡር ትይዛላችሁ። ገዳሙ የሚከፈተው በ3 ሰዓት ገደማ ነው። መግቢያው ለአዋቂ 1,000 የን ነው፤ ትኬቱ ለሦስቱም ክፍሎች ስለሚያገለግል እንዳይጠፋ በማይረሳ ኪስ ያስቀምጡት፤ ዮካዋ ላይ እንደገና ይጠየቃል። ቅርሶቹ የተቀመጡበት ሙዚየም ለብቻው ይከፈልበታል።

ወዲያው የገዳሙ ዋና ቤተ መቅደስ ወደሆነው ኮንፖን ቹዶ ግቡ። የአስጎብኚ ድርጅቶች አውቶቡሶች ረፈድ አድርገው ሲመጡ ሕዝቡ በሙሉ የሚጎርፈው ወደዚህ ሕንጻ ነው፤ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለችው ጊዜ ጸጥ ያለች ናት። ሕንጻው በ1642 በሾጉን (በወታደራዊው ገዥ) ቶኩጋዋ ኢየሚትሱ ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ትልቅ እድሳት ስለተጀመረለት ከውጭ በመሸፈኛ ተከቦ ብታገኙት «ተዘግቷል» ብላችሁ አትመለሱ፤ ውስጡ በእድሳቱ ወቅትም ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ዋጋ ያለውም ውስጡ ነው። መሠዊያው ያለበት ወለል ሰው ከሚቆምበት ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጉድጓድ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ላይ የተነሣው መሠዊያና ከፊቱ የተሰቀሉት መብራቶች የሚመጡት ከቆመው ምእመን ዓይን ጋር እኩል ነው። በገዳሙ ትምህርት ሰውና ቡድሃ እኩል መሆናቸውን ለማሳየት ነው እንዲህ የተሠራው። ሳይቾ ለኮሰው የሚባለው እሳት በዘይት እየተመገበ የሚነደው በእነዚያ መብራቶች ነው። በ1571ዱ ቃጠሎ እዚህ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከዚሁ እሳት ተከፍሎ በሰሜን ጃፓን ያማደራ በሚባለው ገዳም ይነድ ስለነበር ከዚያ መልሰው አመጡት።

ውስጥ ጫማ ይወልቃል። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር የወለሉ ቅዝቃዜ ነው። ሕንጻው በሱጊ ጥላ ሥር በዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ ብዙ አያገኘውም፤ በቀጭን ካልሲ የቆመ ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ እግሩ ይደነዝዛል፣ ለሚያም ጉልበት ደግሞ ይህ ጥሩ አይደለም። ለእናትዎ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይያዙላቸው፤ ጫማቸውም ሳይጎነበሱ የሚገባና የሚወጣ ይሁን። ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ኮፍያ ይወልቃል፣ የበሩን መድረክ ተሻግረው እንጂ ረግጠው አይገቡም። ሃይማኖቱ የእናንተ ስላልሆነ ምን እናድርግ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ስገዱ የሚላችሁ፣ ዕጣን አጢሱ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። ዝም ብሎ በአክብሮት መቆም በቂ ነው፤ የሚጸልይ ሰው ካለ ከፊቱ አትለፉ።

ከኮንፖን ቹዶ ፊት ለፊት ሞንጁሮ የሚባል በር ወዳለበት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ይታያችኋል። ለፎቶ ያምራል፤ እናትዎ ግን አይሞክሩት። ሲወጡት ባያስቸግር ሲወርዱት ጉልበት ይፈጃል፤ የበሩ የውስጥ ደረጃማ ከመሰላል አይሻልም።

4 ሰዓት አካባቢ ወደ ቶዶ የአውቶቡስ ማቆሚያ ወጥታችሁ የተራራውን አውቶቡስ ወደ ዮካዋ ያዙ። ወደዚያ የሚሄደው በሰዓት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ ስለዚህ ገና ጠዋት ስታልፉ የመመለሻውን ሰሌዳ ጭምር በስልክ ፎቶ አንሡ። ይህ አውቶቡስና የኪዮቶው በኩል ገመድ ባቡር ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ይቆማሉ፤ ለእናንተ ቀን ችግር የለም፣ ጉዞው ወደ ታኅሣሥ ከተገፋ ግን ዮካዋ በአውቶቡስ አይደረስም፤ የሳካሞቶው ገመድ ባቡር ብቻ በእነዚያ ቀዝቃዛ ወራት ይሠራል።

ዮካዋ ከማቆሚያው ጀምሮ በዛፎች መካከል የሚሄድ መንገድ ነው። ዮካዋ ቹዶ የሚባለው ቀይ ሕንጻ ከቁልቁለቱ ላይ በረጃጅም ምሰሶዎች ተደግፎ ወደ ፊት የወጣ ነው፤ መብረቅ ካቃጠለው በኋላ በ1971 እንደገና የተሠራ ስለሆነ ዕድሜው ትንሽ ነው፤ በሜፕሎቹ መካከል ከታች ሲያዩት ግን በተራራው ላይ እንደሱ ያለ እይታ የለም። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ጋንዛን ዳይሺ ዶ ይገኛል። ይህ ቦታ በ10ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን ከውድቀት ያነሣው ርዮገን የተባለው መነኩሴ መታሰቢያ ነው፤ በጃፓን በየቤተ መቅደሱ የሚታየው ኦሚኩጂ የሚባለው የዕጣ ወረቀት ጀማሪም እሱ ነው ይባላል። መንገዱ ፈጽሞ ደረጃ የሌለው አይደለም፤ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ግን ረጅም የድንጋይ ደረጃ መውረድ አያስገድድም። አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃል።

ሳይቶን ተዉት ያልኩት በደረጃው ነው። ዋናው ሕንጻ ሻካዶ በተራራው ላይ ካሉት ሁሉ የቆየው ነው፤ የጦር አለቃው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1590ዎቹ ከታች ካለው ከሚዴራ ገዳም አስነቅሎ ያመጣው። ግን ወደ እሱ የሚወስደው በረጅም የድንጋይ ደረጃ ቁልቁል ነው፤ መመለሻውም ያው ነው። ከቶዶ ወደ ሳይቶ በእግር የሚወስደው መንገድም እንዲሁ በደረጃ ይወርዳል። እናትዎ ቶዶ ላይ ሻይ እየጠጡ ቢያርፉና እርስዎ ብቻዎን ቢሄዱ ግን ይህን መንገድ እመክራለሁ። በመሀል የሳይቾ መቃብር ያለበት ጆዶኢን ይገኛል፤ እዚያ የሚያገለግለው መነኩሴ 12 ዓመት ከተራራው ሳይወርድ መቃብሩን ይጠብቃል፣ በየቀኑም ምግብ ያቀርባል። ግቢው አንዲት ቅጠል ሳይታይበት የተጠረገ ነው፤ በመጸው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ቦታው ላይ ሲቆሙ ይገባዎታል። ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዙ።

የምግቡ ነገር መታሰብ ያለበት ከመነሣታችሁ በፊት ነው። የመነኮሳቱ ምግብ ሾጂን ርዮሪ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም የለበትም፤ መረቁ የሚሠራው ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፈው ዩባ የሂዬ ታዋቂ ምግብ ነው። ለጾም ምቹ ነው፤ ነገር ግን ገዳሙ ባለው ማረፊያ ለመብላት አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። በተራራውና በሳካሞቶ በብዛት የሚገኘው ሶባ (በመረቅ የሚቀርብ ፓስታ መሰል ምግብ) ግን ለጾመኛ አይሆንም። ሳህኑ ላይ ዓሣ ስለማይታይ የጾም ይመስላል፤ መረቁ ዳሺ ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተፈላ ነው። አትክልት ብቻ የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ይህን ላያካትት ይችላል። ዓሣ የሚበሉ ጾመኞች ካልሆናችሁ ተራ ሶባን ተዉት። እናትዎ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ያኔ የተራራው ምግብ ቤቶች ዘግተው ወይም እየዘጉ ነው፤ ከኪዮቶ የኮምቡ (የባሕር ቅጠል) ወይም የኡሜቦሺ (በጨው የተዘፈዘፈ ፍሬ) ኦኒጊሪ የሚባል የሩዝ ጥቅል፣ ሙዝ፣ ለውዝና በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ይዛችሁ ውጡ። የኡሜቦሺው ኦኒጊሪ ላይም አንዳንዴ የደረቀ ዓሣ ስለሚጨመር የዕቃዎቹን ዝርዝር በስልክ ካሜራ አስተርጉሙት። ባዶ ሆድ፣ ብርድና ደረጃ ሲገናኙ ማዞር ይመጣል፤ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን ከወዲሁ ተነጋገሩበት።

ልብስን በተመለከተ፣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ተራራው ከኪዮቶ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ሲጨመር ከዚያም በላይ ይሰማል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ የሚያስቸግረው እርጥብ ብርዱ ነው። ደራርባችሁ ልበሱ፣ ጓንትና ሻርፕ ያዙ። ጫማው ጎማ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን፤ እርጥብ ቅጠል በድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ አብዛኛው ጎብኚ የሚወድቀውም ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ለእናትዎ የሚታጠፍ ምርኩዝ ይግዙላቸው። ሻንጣ ይዛችሁ አትውጡ፤ የኪዮቶ ጣቢያ ሳጥኖች በመጸው ጠዋት ገና ስለሚሞሉ ዕቃውን ሆቴል ተዉት። ካርድ በሁሉም ቦታ አይሠራም፣ ለአንድ ሰው ወደ 10,000 የን በጥሬው ይያዙ።

ከዮካዋ በ6 ሰዓት አካባቢ ተመልሳችሁ፣ አርፋችሁ፣ የቀረውን ቶዶ ተዘዋወሩ። ዳይኮዶ የሚባለው የትምህርት አዳራሽ ውስጥ የእነዚያ የሥርዓት መሥራቾች ሐውልቶች ቆመዋል። ከፊቱ ያለውን ትልቅ ደወል ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ማንም ሰው መደወል ይችላል። ሙዚየሙ ይሞቃል፤ ዝናብ ከመጣ መጠለያ ይሆናል።

ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ላይ አትቆዩ። በዚህ ወቅት ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በዛፎቹ ሥር ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጨልማል። በ9 ሰዓት ወይም በ9 ሰዓት ተኩል ገመድ ባቡር ከወረዳችሁ ሌላም ትርፍ አለው፦ ከታችኛው ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ላይ ሂዮሺ ታይሻ አለ። የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ጥንታዊ ሃይማኖት መቅደስ ነው፤ ግቢው ውስጥ 3,000 የሚያህሉ ሜፕሎች አሉት፤ ላይ የረገፈው ቀለም በዚያ ሳምንት ገና የሚጀምረው እዚያ ነው። ለእናትዎ መግቢያው አካባቢና የድንጋይ ድልድዮቹ ይበቃሉ። ከዚያ ወደ ጣቢያው የሚወርደው መንገድ ያለ ጭቃ በተደረደረ ድንጋይ የተሠሩ የአኖ ግንበኞች አጥሮች በግራና በቀኝ ይዘውታል፤ ቁልቁለቱ ለጉልበት ከበዛ ቅርብ የሆነው የኬይሃን ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ተሳፍራችሁ ቢዋኮ ሃማኦትሱ ላይ በመቀየር በቀጥታ ወደ ኪዮቶ መሀል ሳንጆ አካባቢ ትገባላችሁ። ሐይቁ ዳር ነፋስ ከተነሣና ኮሴይ መስመር ከቆመም በዚሁ ተመለሱ።

ጠዋት ስትነሡ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ካያችሁት ጉዞውን አትሰርዙ፤ የሚቀርባችሁ የሐይቁ እይታ ብቻ ነው፣ ጭጋግ በሱጊው መካከል ሲገባ ገዳሙ ይበልጥ ያምራል። ከባድ ዝናብ ከሆነ ግን ዮካዋን ተዉት፤ ኮንፖን ቹዶን፣ ዳይኮዶንና ሙዚየሙን አይታችሁ ከ7 ሰዓት በፊት ውረዱ።